የበለሷ ካፖርት

ልብስ ሰፊው ሚስቱን ቀብሮ ሲመለስ እንባ ጠብ አላለውም። ሰው ታዘበው። ይታዘበዋ፣ ሰው ምን ሥራ አለው! ቤት ገባ፣ ኮቱን ሰቀለ፣ የደንበኛ ሱሪ ማሳጠር ጀመረ። ውስጡ አጣጥፈው እንደተቀመጡበት እግር ደንዝዟል።

ሚስቱ የተወችለት አደራ አንድ ነው፤ ጓሮ ያለችው የበለስ ዛፍ። በለስ ሙቀት ትወዳለች፣ የዚያ ሰፈር ብርድ ደግሞ ለጉድ ነው። «አትልፊ፣ አትበቅልልሽም» ቢሏት፣ እሷ እቴ! ችክ አለች። ፀሐይ ከምታርፍበት ግድግዳ አስጠግታ ተከለቻት። ውርጩ ሲቃረብ ቅርንጫፎቿን ሰብስባ ታስርና በገለባና በጆንያ ትጠቀልላታለች፣ አናቷን ግን ክፍት ትተወዋለች። ባልየው እጁ ወርቅ የተባለለት ሰፊ ነውና ያ የተንጋደደ ጥቅል ዓይኑን ይወጋዋል።

«ምን ዓይነት አስቀያሚ ሥራ ነው?» ይላታል።

«አንተ አትለብሰው፣ ምን አገባህ?» ትለዋለች።

በየዓመቱ ይቺው ናት ጨዋታቸው፤ አንዳቸውም አልሰለቻቸውም። አናቷን ለምን ክፍት እንደምትተወው ግን አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። ዝርክርክነት መስሎታል።

እሷ በሞተችበት ዓመት፣ አደራዋን አሳምሬ እወጣለሁ ብሎ ተነሣ። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣና ዛፏን እንደ ደንበኛ ለካት። ከወፍራም ሸራ ቆርጦ፣ የሱፍ ገበር አግብቶ፣ ከእግር እስከ አናት ዝግት ያለ ካፖርት ሰፋላት። ንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ጎረቤቱ በአጥሩ አሻግራ አይታ ሥራውን አደነቀች፤ እሱም ደህና ሆኗል ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ብርዱ ሲያልፍ ከሴት ልጁ ጋር ሆነው ስፌቱን ተረተሩት። የሻጋታ ሽታ ፊታቸውን መታው። ቅርንጫፎቿ ጠቁረዋል፤ ሲነኳቸው እንደ ረጠበ ወረቀት ይላጣሉ።

«አባዬ» አለችው ልጁ ቀስ ብላ፣ «እማዬ አናቷን የምትተወው እኮ እርጥበቱ እንዲወጣ፣ እንድትተነፍስ ነበር።»

«ገደልኳት» አለ።

ይህን ሲል እንኳ ድምፁ የተበላሸ ሱሪ ለደንበኛ የሚያስረክብ ሰው ድምፅ ነበር። መጋዝ አምጥቶ ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ ቆረጣት። ልጁን ያስፈራት የዛፏ መሞት አልነበረም፤ የአባቷ ፊት ነው።

ፀሐይ ስትበረታ ከጉቶው ሥር ቀንበጥ ብቅ አለ። ልጁ እየሮጠች መጥታ ነገረችው። እሱ ሄዶ አየው፣ እሺ ብሎ ተመለሰ። ደስም አላለው፣ አልከፋውም።

ውርጩ እንደገና ሲቃረብ ቀንበጡ እስከ ሰውዬው ጉልበት ደርሶ ነበር። የሚስቱን አሮጌ ጆንያ ከዕቃ ቤት አወጣ። ገለባውን ጠቀጠቀ፣ አሰረ። ጥርት ያለ ሆነበት፤ ፈታው። ደግሞ አሰረ፤ አሁንም እጁ አላበላሽ አለው። በመጨረሻ በግራ እጁ ሞከረው። ጥቅሉ ተንጋደደ፣ ገመዱ ተንዘላዘለ፣ አናቱ ተከፍቶ ቀረ። ወደኋላ ፈቀቅ ብሎ አየው።

«ምን ዓይነት አስቀያሚ ሥራ ነው?» አለ፣ ከአፉ አምልጦት።

አለና መልሷን ጠበቀ። ጆሮውን ቀስሮ ቆመ፣ ጠበቀ። መልስ የለም።

ልጁ ድምፅ ሰምታ ስትወጣ አባቷ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጆንያውን አቅፎ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። አላባበለችውም። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።