መምህር አርባ ስምንት

መምህር ገዛኢ ሃያ ስድስት ዓመት ስነ ዜጋ ሲያስተምሩ ሰሌዳውን ለሁለት መክፈል ይወዱ ነበር። በስተቀኝ «ይችላል»፣ በስተግራ «አይችልም» ብለው ይጽፉና፣ «ልጆች፣ ለፌዴራል መንግሥት ሥልጣን የሰጠው ሕገ መንግሥቱ ነው፤ ከዚህ አትለፍ ያለውም እሱው ነው» ይላሉ። ምሳሌያቸው ዘወትር አንድ ነው፦ መንግሥት ሰው መያዝ ይችላል፤ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ሳያቀርብ ማቆየት ግን አይችልም። ተማሪው ይህንኑ ይዞ ስማቸውን አርባ ስምንት አለው፤ እንደዚያው ቀረ።

ጡረታ ሲወጡ መቐለ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ በሉላ ፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው አቤቱታ ጸሐፊ ሆኑ። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት በአማርኛ የሚያመለክት ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል።

ባለፈው ማክሰኞ ኡሙሰልማ መጣች፤ ከወሎ መጥታ መቐለ ጨርቅ የምትነግድ ሴት ናት።

«አርባ ስምንት የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

ሉላ ከማሽኗ ጀርባ በሳቅ ፈረሰች። «ዋይ! እኛ ከኋላቸው የምንለውን ይቺ ፊት ለፊት!»

«ነኝ ጓለይ፣ ነኝ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ መምህር።

ወንድሟ ሳሊህ መንገድ ላይ በፌዴራል ፍተሻ ከተያዘ ስድስት ቀን ሆኖታል። ዳኛ አላየም። መምህር እየሰሟት፣ እያጽናኗት፣ ስለ ልጆቿ ሳይቀር እየጠየቋት ጻፉላት። ወረቀቱን ተቀብላ እዚያው ቆማ አነበበችው። መሀል ላይ ጣቷ ቆመ።

«መምህር፣ ‹ላጠፋው ጥፋት ምሕረት እንዲደረግለት› ይላል። ወንድሜ ምን አጠፋ? እርስዎ ያውቃሉ እንዴ?»

«እንደዚያ ሲባል… ልባቸው ይራራል ብዬ ነው።»

«አርባ ስምንቱስ? እኔ እኮ የመጣሁት ለሱ ነው!»

ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ጋለ። ከጦርነቱ በኋላ አንድ ባለጉዳይ ተመልሶ፣ «መሥሪያ ቤቱ ‹ይህን አንቀጽ ማን ጻፈልህ?› አሉኝ» ያላቸው ቀን ነው አንቀጽ መጥቀስ የተዉት። ማንም አላስፈራራቸውም፤ ማንም በራቸውን አላንኳኳም። ያቺ ጥያቄ ብቻ በቃቻቸው። ሰሌዳ ላይ «አይችልም» ብለው የጻፉትን ሁሉ፣ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ወደ «ይችላል» ሲያሻግሩ ከርመዋል።

ወረቀቱን ተቀብለው ቀደዱት። በአዲስ ወረቀት የአርባ ስምንት ሰዓቱን አንቀጽ፣ አሥራ ዘጠኝን ከነንዑሱ ጻፉ፤ ከግርጌውም፣ ከዚህ በፊት አድርገውት የማያውቁትን፣ ስማቸውን አኖሩበት።

ኡሙሰልማ አነበበችና ፈገግ አለች። «አሁን ገና አርባ ስምንት ሆኑ!» ልትሄድ ከተነሣች በኋላ ግን፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ «የሌሎቹንስ እንደ ፊተኛው ነበር የጻፉት?» አለቻቸው።

መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። ሉላ ወደ ማሽኗ ዞረች፤ ያንን ሁሉ ምሕረት ኮፒ ያደረገችው እሷ ናት።