የእንግዳዋ ተማሪ መርዶ

ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ በዓይኔ አላየሁትም። ያየሁት ከረፋዱ በኋላ የሆነውን ነው። ጎህ ሲቀድ የሆነውን የነገሩኝ የተማሪዋ አከራይ ናቸው፤ እሳቸውም በሱቃቸው ባንኮኒ ጀርባ ቆመው፣ ለደንበኛ ስኳር እየመዘኑ ስለ ነገሩኝ አንዳንዱን ደጋግሜ፣ አንዳንዱን ደግሞ በግማሽ ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት የተሸረበውን ያወቅሁት ከኮሌጁ ዲን አፍ ነው፤ የእርሱን ቃል የሚጠራጠር አንባቢ ቢኖር አልቀየምም። የቀረው የራሴ ትውስታ ነው። በእኔ ዕድሜ ትውስታ ሰውን ገብቶበት የማያውቀውን ክፍል ወንበሩንና መጋረጃውን አሟልቶ ያሳየዋል። ስለዚህ የሰዎቹ ንግግር ቃል በቃል ነው ብዬ አልምልም። ስምም አልጠራም፤ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ስማቸው እንዲጠራ የሚጓጉ አሉና ያን ደስታ ልሰጣቸው አልፈልግም።

ቦንጋ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ አንድ የግል ኮሌጅ ነበረ። ከሥሩ የሞባይል መጠገኛ ነበር፤ በዚያ ሕንፃ ላይ አንድ ነገር ተሠርቶ የሚወጣው ከዚያ ብቻ ነው። ዲኑ በአንድ ወቅት ተማሪዬ ነበር። በሕይወቱ ያነበበው መጽሐፍ ከተካፈለበት ስልጠና ያንሳል ብል አላጋነንሁም። ይህ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሆነ አላውቅም፣ ከአንድ የባዕድ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማማና ለአንድ መንፈቅ ሥነ ጽሑፍ የምታጠና እንግዳ ተማሪ ተላከችለት። በመጣች በሳምንቱ ፊቷን በባነር አሳትሞ ከኮሌጁ በር በላይ ሰቀለው። የእርሷ ፊት ከኮሌጁ ስም ይገዝፍ ነበር።

ልጅቷ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። አማርኛን የተማረችው በአገሯ ከመጽሐፍ ስለ ነበር ባጃጅ ነጂውን «እባክዎን ወደ ገበያው ያደርሱኛልን?» እያለች ታናግር ነበር፤ ነጂዎቹም በመከበራቸው ተደስተው ሒሳቡን ይጨምሩባት ነበር። የመጣችው የካፋን ሙሾ ልታጠና ነው። ቦንጋን በካርታ ብቻ የሚያውቁት መምህሯ ርዕሱን አስቀድመው ሰጥተዋታል፤ በሐዘን ጊዜ ሴቶች ስለሚይዙት ዝምታ እንድትጽፍ። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ዝም ያለች ሴት ካለች የሞተችው እሷ ራሷ ናት። ይህን ነገርኋት። በትሕትና ጻፈችው፤ ርዕሱን ግን አልቀየረችም።

እኔም በወጣትነቴ ለአንድ መንፈቅ በሰው አገር እንግዳ ተማሪ ሆኜ ሥነ ጽሑፍ ተምሬአለሁና አልፈረድሁባትም። እንግዳ ተማሪ ማለት ሁሉም ፈገግ የሚልለት፣ ማንም የማያዳምጠው ሰው ነው። ዲኑ እንዳማክራት ሲለምነኝ እሺ ያልሁትም ስለዚህ ይመስለኛል። የተፈለገባት ነገር ግልጽ ነበር፤ በእውነተኛ ለቅሶ ላይ የወረደ ሙሾ ቀድታ ካልተመለሰች መንፈቁ አይቆጠርላትም፣ ነጻ ትምህርቷም ይቋረጣል።

የከፋው ነገር፣ ያን መንፈቅ በአካባቢው ሰው አልሞተም። ሞቷል ቢባል እንኳ ሩቅ ዋጫ ከተማ ወይም ከዚያ ማዶ ሆኖ፣ ወሬው የሚደርሰን ከቀብሩ በኋላ ነበር። ዲኑ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ስልክ ያዘ። ማለዳ ማለዳ እየደወለ «ዛሬስ?» ይለው ነበር። በእኔ ሰፈር አንድ የታመሙ ጡረተኛ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት በራቸውን ረግጦ የማያውቀው ዲን ብርቱካን ይዞ ይመላለስባቸው ጀመር። በመጨረሻ ጡረተኛው አልጋቸው ላይ እንደ ተጋደሙ፣ «ስማ ልጄ፣ ብርቱካኑን አምጣ፤ ለኮሌጅ ብዬ ግን አልሞትም» አሉት። ይህን እኔው ራሴ አጠገባቸው ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

የተማሪዋ መመለሻ ሲቃረብ ዲኑ ብቻውን ወደ ማንኪራ መንደር አቀና። በዚያ በኩል የታወቁ ሙሾ አውራጅ ይኖራሉ። ሲመጣ የት እንደ ነበር አልነገረኝም፤ የሚከተለውን ያወቅሁት ነገሩ ከፈነዳ በኋላ ነው።

«እትዬ፣ ሰው ሞቶብን ነበር» ብሏቸዋል።

«የት?»

«ባሕር ማዶ። የተማሪያችን አባት።»

«ምን ነበር ሥራው? ሥራውን ሳላውቅ ምን ብዬ ላልቅስ?»

ዲኑ ይህን አላሰበበትም ነበር። ቀና ሲል ከራሱ በላይ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ አየ።

«የንብ ሰው ነበር» አለ።

«ዛፍ ይወጣ ነበር?»

«በጣም።»

«ልጅቷስ ተረድታለች?»

እዚህ ላይ ተረድታለች ቢል ድንኳኑ የት አለ እንዳይሉት ፈርቶ፣ «ገና ነው» አለ።

«እንግዲህ እሱን ለእኛ ተወው» አሉት ሴትዮዋ።

ዲኑ ይህን ቃል ቅዳሜ በኮሌጁ አዳራሽ እንገናኝ ማለት አድርጎ ተቀበለው። ለተማሪዋ ደግሞ ቅዳሜ የባህል ትዕይንት እንዳለ ነገራት። በአንድ በኩል የሚያለቅሱት እውነት መስሏቸው እንዲያለቅሱ፣ በሌላ በኩል የምትቀዳው ጨዋታ መስሏት እንድትቀዳ ነው። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛው መርዶ ሳይነገረው ለሟቹ ሙሾ እንደማይወርድ ረስቷል። መርዶ ደግሞ በስልክ ወይም በቀትር አይነገርም፤ ሐዘንተኛው ከቤቱ ወጥቶ በመንገድ ላይ እንዳይሰማ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ፀሐይ ሳትወጣ ደጁ ይደርሳሉ። ዲኑ የእናቱን ሞት የተረዳው በዚሁ ወግ ነው፤ እኔም ከመርዶ አርጂዎቹ አንዱ ነበርሁ። ሰው ይህን እንዴት ይረሳል? ከስልጠናዎቹ በቀር ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

አከራይዋ ከሰሜን የመጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ ባለቤታቸውን ሰፈሩ ሐጂ ይላቸዋል። ለአከራይዋ የተነገራቸው በዋዜማው ነው። እንደ ነገሩኝ ከሆነ ማታውን ልጅቷ እንዳታያቸው ከመደርደሪያው ጀርባ ሆነው አለቀሱ፤ ለእራት ደግሞ ወተት ጨመሩላት፤ እሷም አመስግና ጠጣች። ንጋት ላይ በሩ ሲንኳኳ ከፊት አንድ ሽማግሌ፣ ከኋላ ሙሾ አውራጇ፣ ከዚያም የሰፈሩ ሴቶች ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ተቀመጪ» አሏት ሽማግሌው።

«ምን ተፈጠረ?»

«ለሁላችንም የማይቀር ነው። አባትሽ ዐርፈዋል።»

«ማን ነገራችሁ?»

«ከኮሌጁ ነው የሰማነው።»

ድንገት አንድ ነገር ቢደርስ እንዲደወል የቤተሰቦቿ ስልክ ቁጥር የተሰጠው ለኮሌጁ ነበርና ልጅቷ አመነች። ስልኳን አነሳች። ኔትወርክ ከዋዜማው ጀምሮ አልነበረም። ከዚያ የሆነውን አከራይዋ ሲነግሩኝ ስኳር መመዘናቸውን አቁመው ነበር። «እንደ እኛው ናት» አሉኝ፣ «እኔ ፈረንጅ እንዲህ አያለቅስም መስሎኝ ነበር።»

እኔ ወሬውን የሰማሁት ለሌላ ጉዳይ ወጥቼ ባጃጅ ሳቆም ነው።

«ጋሼ፣ ለቅሶ ነው የሚሄዱት?» አለኝ ነጂው።

«የማን ለቅሶ?»

«የፈረንጇ አባት። ንብ ነድፎት ከዛፍ ወድቆ ነው አሉ።»

የልጅቷ አባት የጥርስ ሐኪም መሆናቸውን እሷው ነግራኛለች። ወደዚያው ንዳ አልሁት።

ስደርስ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል። ዲኑ በድንኳኑ መግቢያ ላይ፣ ጋቢ ለብሶ፣ የሟች ወንድም ይመስል የሰውን ሐዘን ይቀበላል። «እግዜር ያጥናህ» ይሉታል፤ አንገቱን ይደፋል። እጁን ይዤ ወደ አጥሩ ጎተትሁት።

«የጥርስ ሐኪም ማር ሊቆርጥ ዛፍ የወጣው መቼ ነው?»

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።»

«ሰውየው ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

«በአሁኑ ሰዓት በርግጠኝነት ሞቷል ማለት አይቻልም።»

«ግባና ንገራት።»

«አሁን? በለቅሶ መሃል? ባህሉ አይፈቅድም እኮ፣ ጋሼ።»

ስለ ባህሉ ያሰበው ያኔ ነው። ትቼው ገባሁ። ሙሾ አውራጇ ቆመው ያወርዱ ነበር፤ ቋንቋው ካፍኛ ነው፣ በአማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይመስላል፦

ባሕር ማዶ የወደቀው ዛፍ፣ ድምፁ እኛ ዘንድ ደረሰ፤
ቀፎውን ማን ያውርድለት፣ ንቡስ ማንን ይጠይቅ?
ልጁን ለማያውቃት አገር ትቶ፣ እሱ ወደማያውቀው አገር ሄደ።

ጥሩ ሙሾ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ከዲን አፍ ከወጣ ነገር ይህን ያህል መገኘቱ አሁንም ያናድደኛል። ልጅቷ ነጠላ አጣፍተውላት መሬት ተቀምጣለች። ጎንበስ ብዬ በእንግሊዝኛ ነገሩ ሐሰት መሆኑን ነገርኋት። ቀና ብላ አየችኝና እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀችኝ። እርግጠኛ የሆንሁት ዲኑ በመዋሸቱ ነው፤ ያን ጠዋት ባሕር ማዶ ያለ ሰው በሕይወት ስለ መኖሩ ምን ማስረጃ ነበረኝ? ያንኑ አልኋት። አልረዳትም። አጠገቧ የነበሩት ሽማግሌ ምን እንዳልሁ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ክንዴን ይዘው በእርጋታ አስነሱኝ። «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ተስፋ መስጠት ደግ አይደለም» አሉኝ። ሽምግልና አእምሮዬን የነካው መስሏቸዋል። መርዶ የምንነግርበት ሥርዓት አለን፤ የተነገረ መርዶ የምንመልስበት ግን የለንም።

ኔትወርኩ የተመለሰው ወደ ቀትር ነው። በድንኳኑ ውስጥ የሐዘንተኛው ሁሉ ስልክ ከየኪሱ፣ ከየነጠላው ሥር በአንድነት ይጮህ ጀመር። ልጅቷ ደወለች። ከብዙ ጥሪ በኋላ አንድ ወንድ አነሳ። እሷ አንዲት ቃል ብቻ አለች። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ከድምፁ ግን ሰውየው በሥራ ሰዓት መደወሏ ያላስደሰተው መሰለኝ።

አባቷ በሕይወት መኖራቸው በድንኳኑ ተሰማ። ሐጂ «ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል» አሉና፣ ጥቂት ቆይተው «በሉ፣ ምግቡ አይበላሽ» ጨመሩበት። ሰዉ በላ። ሙሾ አውራጇ ግን ምግቡን አልነኩም።

«አንተ፣ ና እስቲ» አሉት ዲኑን። «በሕያው ሰው ላይ አስለቀስኸኝ። ያወረድሁትን የት ልመልሰው?»

«እትዬ፣ እኔኮ ለጥናት ብዬ ነው።»

«ለጥናት ከሆነ አንተው ሙትና እናጥናህ።»

እንዲያ ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሴቶቹ ተከተሏቸው። ዲኑ ጋቢውን አጣጠፈና የቅዳሜው ትዕይንት እንደማያስፈልግ ነገረኝ።

ከቀናት በኋላ ልጅቷ ሙሾውን እንድተረጉምላት ቤቴ መጣች። የምታለቅስ ወይም የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። የዚያ ቀን ሙሾ የተቀዳበትን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና መምህሯ ቅጂውን ሰምተው እጅግ እንደ ተደሰቱ ነገረችኝ። ዝምታው ቀርቷል፤ ጽሑፉ ስለ ንብ ይሆናል።

«ንቡ የአባትየው ነፍስ ነው ብለውኛል፣ ጋሼ።»

«አባትየው ጥርስ ሐኪም ናቸው።»

«አውቃለሁ። ለጽሑፉ ግን ይጠቅማል።»

ከዲኑ ባነር ይልቅ የናቅሁት ይህን ነው። ዲኑ የዋሸው ከአላዋቂነት ነው፤ እሷና መምህሯ ግን እያወቁ ሐሰቱን ነፍስ ብለው ሰየሙት። ተረጎምሁላት፤ በጥንቃቄ ተረጎምሁላት፤ ለሙሾ አውራጇ ስል። መንፈቁ እንደ ተቆጠረላትና ትምህርቷን እንደ ጨረሰች ኋላ ሰምቻለሁ።

ቅጂውን ያዳመጥሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሲጀምር ሙሾ የለበትም። መጀመሪያ የአልጋ ሲጥታ፣ ከዚያ ከውጭ የብዙ ሰው ጫማ፣ ከዚያ የበር ማንኳኳት፣ ቀጥሎም የሽማግሌው «ልጄ፣ ተቀመጪ» ይሰማል። መቅጃው ሥራውን የጀመረው በሩ ሳይከፈት ነው። መርዶው ሳይነገር መቅጃውን ማን እንደ ከፈተው ጠየቅሁ። ዲኑ እዚያ ክፍል ገብቶ እንደማያውቅ ማለ፤ መሐላው ዋጋ የለውም፤ ያን ሰዓት ግን ተኝቶ እንደ ነበር አምናለሁ። አከራይዋ አንድ ቀን ስልኩ ትራሷ ሥር ነበር አሉኝ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር አሉ። ልጅቷን ስጠይቃት «ሰው በር ሲያንኳኳ መቅጃውን እከፍተዋለሁ፤ ልማድ ነው» አለችኝ። ምናልባት እውነቷን ነው፤ ቅጂው ግን ማንኳኳቱን ይቀድማል። ምናልባትም ከማንኳኳቱ በፊት አንድ ሰው የሚመጣውን ነግሯት ነበር፤ እንዲያ ከሆነ ያ ሁሉ ልቅሶ ምን እንደ ነበር አላውቅም። ይህን የሚያረጋግጥልኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።