በካምቢዮው የተሳበበው ድምፅ

ንጋት፣ ደምበጫ

ከደምበጫ የተነሳነው ገና ወገግ ሲል ነው። እኛ ማለት እኔ፣ አክስቴ እትዬ ስንዱ፣ እና ከፒክአፑ ኋላ እግሩን ታስሮ የተጫነ ሙክት። የምንሄደው አምበር ነው። የእትዬ ስንዱ ልጅ ማስተዋል እዚያ ወልዳ ነገ ሕፃኑ ክርስትና ይነሳል፤ ክርስትና አባቱ እኔ ነኝ። ከክርስትናው በኋላ አራሷንና ሕፃኑን ጭነን እንመለሳለን፤ ማስተዋል እናቷ ዘንድ ትንሽ ልትከርም ነው።

በመንገዳችን ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ጉዳይ አለብኝ። ፒክአፑን የሸጠልኝ ድርጅት ጋ እገባለሁ። መኪናው ያጉረመርማል። ፍጥነት ስጨምር ከሥር የተቆጣ ንብ የገባበት ቀፎ ይመስላል። ድምፁ እንደጀመረ ወስጄው ነበር። ኮምፒዩተር ሰኩበትና ካምቢዮው ነው አሉኝ። ካምቢዮው ወርዶ ሌላ ተተካ። አመስግኜ ወጣሁ። ገና ከከተማው ሳልወጣ ቀፎው መልሶ ጀመረ። ዞሬ ተመለስኩ። አዲስ ካምቢዮ እስኪለማመድ ነው አሉኝ። አሁንም አመስግኜ ወጣሁ።

አንባቢ እንዲያውቀኝ ያህል፣ እኔ መቆጣት የማልችል ሰው ነኝ። ምግብ ቤት ያላዘዝኩት ቢመጣልኝ ዝም ብዬ እበላለሁ። ደምበጫ ባለችኝ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አንዱ የገዛውን ደብተር ግማሹን ጽፎበት ቢመልስልኝ ይቅርታ ጠይቄ እቀበላለሁ። ዛሬ ግን ቆርጫለሁ። የምናገረውን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ጠዋት፣ አማኑኤል

መንገዱ በጠዋቱ ሞልቷል። የከሰል ጆንያ የደረደሩ የመንገድ ዳር ነጋዴዎች፣ ባሕር ዛፍ የጫኑ ጋሪዎች፣ ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር ስድስት ሰው የጫኑ ባጃጆች። ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው። ፍጥነት በጨመርኩ ቁጥር ቀፎው ይነሳል፣ ስቀንስ ይተኛል።

እኔ ንግግሬን እለማመዳለሁ። ሳላውቀው ድምፄን አውጥቼ ኖሮ እትዬ ስንዱ ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቁኝ። ከድርጅቱ ሰዎች ጋር ነው አልኳቸው። አንገታቸውን አዙረው የኋላውን ወንበር አዩ፤ ማንም የለም። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

አማኑኤል ላይ ቆመን በሻይ ዳቦ በላን። ሻዩ ስኳር በዝቶበት ነበር። ለአስተናጋጇ አልነገርኳትም።

ረፋድ፣ ደብረ ማርቆስ

የድርጅቱ በር መስታወት ነው፤ ወለሉ ላይ ፊት ይታያል። መሃል ላይ አንድ አዲስ ፒክአፕ ለዕይታ ቆሟል። ሙክቱ በፀሐይ እንዳይጎዳ አውርጄ ጥላ ሥር ከአጥሩ ብረት ጋር አሰርኩት፤ እትዬ ስንዱ አጠገቡ ቀሩ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሪት ቃልኪዳን ትባላለች፤ በስም አውቃታለሁ፣ ሁለት ጊዜ አመስግኛታለሁ። ከወንበሯ ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠችኝና የቤተሰቤን ደህንነት ጠየቀችኝ። እዚህ ላይ ንግግሬ ከነመግቢያው ጠፋኝ። እንዲህ ከጠየቀችኝ ሴት ጋር እንዴት እጣላለሁ? ያው ድምፅ መኪናውን እንዳልተወው ብቻ ቀስ ብዬ ነገርኳት።

መኪናውን አስገብተው እንደገና ኮምፒዩተር ሰኩበት። ብዙ ጠበቅኩ። በመጨረሻ መጥታ ኮምፒዩተሩ ምንም ብልሽት እንዳላሳየ፣ የሚሰማኝም የመኪናው ጠባይ ሊሆን እንደሚችል በትሕትና አስረዳችኝ። እኔም በትሕትና ሰማሁ።

"እሺ፣ በጣም አመሰግናለሁ" አልኩ።

ስወጣ እትዬ ስንዱ ለሙክቱ ሣር እያበሉ ነበር። ምን እንዳሉኝ ጠየቁኝ። የመኪናው ጠባይ ነው እንዳሉኝ ነገርኳቸው።

"አንተስ አመንካቸው?"

"አላመንኳቸውም።"

"ታዲያ ምን አልካቸው?"

"አመሰግናለሁ አልኳቸው።"

አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። የያዙትን ሣር ለሙክቱ ጣሉለትና እጃቸውን አራገፉ። "እኔ አሮጊት ነኝ፣ ግድ የለም" አሉ። "ነገ ግን ይኸን የአርባ ቀን ልጅ ከነእናቱ በዚህ ልትጭናቸው ነው?"

እስከዚያች ሰዓት ነገሩ የእኔና የድምፁ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ማስተዋል ልጇን ታቅፋ ኋላ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ታየችኝ። ተመልሼ ገባሁ። ቃልኪዳን በር ላይ አገኘችኝ። ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ድምፄም እንደ ጎረምሳ ተሰነጠቀ።

"በዚህ መኪና ነገ ጨቅላ ልጅ እጭናለሁ" አልኳት። "አብራችሁኝ ሳትነዱት ከዚህ አልሄድም።"

አሻግራ መኪናውን አየች። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ፤ እስከ ዛሬ ከመካኒኮቹ ማንም አልነዳውም ወይ? ማንም እንዳልነዳው ነገርኳት። ጌትነት የሚባለውን መካኒኳን ጠራችና ቁልፉን ሰጠችው። ራሷ ከኋላ፣ እትዬ ስንዱ አጠገብ ተቀመጠች። ሙክቱን ለዘበኛው አደራ ሰጠን።

ከከተማው ወጥተን ጌትነት ፍጥነት ሲጨምር ቀፎው ተነሳ። መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ሲያዘነብል ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ አርፎ ጉርምርምታው ባሰ፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ጸጥ አለ። እንደገና ሞከረው። ከዚያ በመስታወቱ ቃልኪዳንን አያት፤ እሷም ሰምታው ኖሮ እንዲያቆም ነገረችው።

ወርደው የፊተኛውን ቀኝ ጎማ በክሪክ አነሱት። ጌትነት ላይና ታች ይዞ ሲወዘውዘው ጎማው እንደሚነቀል ጥርስ ተንቀሳቀሰ። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል። ሲሽከረከር የሚያጉረመርመው እሱ ነበር። በዚሁ ብንነዳው ጎማው መንገድ ላይ አልዞር ሊል፣ ከዚያም አልፎ ሊወልቅ ይችል እንደነበር ጌትነት አልደበቀንም። እትዬ ስንዱ አማተቡ።

ቃልኪዳን ቀሚሷ አቧራ ነክቶት ከጎማው አጠገብ ተነሳች።

"ካምቢዮዎ ምንም አልነበረበትም" አለችኝ። "ሳንነዳው ነው የፈረድንበት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አፌ ለምዶበት "ምንም አይደለም" አለ። እትዬ ስንዱ ቀና ብለው አዩኝ።

"ኧረ ነው" አልኩ ወዲያው። "ብዙ ነገር ነው።"

ቃልኪዳን ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሰማይ አልተደፋብኝም።

ቀስ ብለን እየነዳን ተመለስን። ለካ በመጋዘናቸው ኩሽኔታ የለም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ደግሞ ክርስትናው ያልፋል። ቃልኪዳን አለቆቿ ጋ ስልክ ደወለች፣ ተከራከረች፣ ዘጋች፣ መልሳ ደወለች። ከዚያ ጌትነት ክሪኩን እየገፋ በመስታወቱ በር ገባና ለዕይታ የቆመውን አዲስ መኪና አነሳው። ከእሱ ኩሽኔታውን ፈትቶ ለእኔ ገጠመልኝ። የመጀመሪያውን ካምቢዮዬን ፈትሸው መልሰው እንደሚገጥሙልኝና ያስከፈሉኝንም ገንዘብ እንደሚመልሱልኝ ቃልኪዳን ነገረችኝ። ስንወጣ ያ የሚያብረቀርቅ መኪና አንድ እግሩን አጥቶ በክሪክ ላይ ቀርቷል። ይቅርታ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አመሻሽ፣ አምበር

አምበር የደረስነው ከብቶች ወደ በረት ሲገቡ ነው። በመንገዱ ሁሉ ከሙክቱ ድምፅ በቀር ምንም አልተሰማም። ማስተዋል በር ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ ሕፃኑን አቀፍኩት፤ እጄ ላይ እንደተኛ ቀረ። ክርስትና አባቱ መሆኔን የወደደው መሰለኝ፤ ተኝቶ ስለነበር ግን ማረጋገጥ አልችልም።

ጎረቤቱ ተሰብስቦ ለምን እንደዘገየን ጠየቀ። እትዬ ስንዱ መደብ ላይ ተደላድለው ጀመሩ። በእሳቸው ታሪክ እኔ በሩን በርግጄ ገባሁ። ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁ፣ ወረቀቱ ሁሉ ተበተነ። "ይህች መኪና ዛሬ ካልተሠራች አንድ ሰው ከዚህ አይወጣም" አልኩ። መካኒኮቹ ተንቀጠቀጡ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ በአድናቆት አየኝ። የማስተዋል ባል ከተቀመጠበት ተነስቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። የተንቀጠቀጠው የእኔ ጉልበት እንደነበር ልነግራቸው አፌን ስከፍት አንዷ ጎረቤት ብርጭቆዬን በጠላ ሞላችልኝ።

"አመሰግናለሁ" አልኩና ጠጣሁ።