ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው ባቡር

እናቴ ሊሠራ የታሰበውን የከተማ ባቡር ካርታ የወደደችው መስመሩ ሁለት ጫፍ ስለነበረው ነው። አንዱ ጫፍ የእኛው ከተማ ፔታሕ ቲክቫ፣ ሌላው ባሕሩ ጋ ያለችው ባት ያም። ባት ያም ደግሞ ታላቅ እህቷ ትኖር ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አገሩ እስራኤል። እኔ ከሠራዊት ወጥቼ ኪርያት ማታሎን ካለ አንድ መጋዘን ካርቶን እሸከም ነበር፤ እናቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራለች። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ እህቷን ለመጠየቅ ትሄዳለች። መሃል ላይ አውቶቡስ መቀየር አለ። የዕብራይስጥ ፊደል ስለማታነብ አንዴ ብቻዋን ወጥታ ሮሽ ሃዓይን ተገኘች። ባሕሩ ወደ ምዕራብ፣ እሷ ወደ ምሥራቅ። ከዚያ ወዲህ እኔ ነበርኩ የምወስዳት።

«ባቡሩ ሲመጣ አንተን አላስቸግርም» ትለኝ ነበር። «መጨረሻው ላይ መውረድ ነው። መጨረሻን ማን ይስታል?»

ካርታው ምርጫ በመጣ ቁጥር በትልቁ ጎዳና ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ምርጫው ሲያልፍ ፀሐይ ያነጣዋል። ባለሱቆቹ ቁፋሮው ደንበኛ ያርቅብናል ብለው ያጉረመርማሉ። የአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ደግሞ ሁሉም መሐንዲስ ነው፤ ሁሉም መስመሩን ወደ ራሱ ደጅ ያጣምማል።

አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት ሰው መጥቶ በሰፈራችን መትናስ፣ በማኅበረሰብ አዳራሹ፣ ያስረዳል ተባለ። እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ ባቡሩ መቼ ነው የሚመጣው? ራሷ በዕብራይስጥ ልትጠይቅ ፈለገች። ዕቃ እያጠበች አለማመድኳት።

«ማታይ» አልኳት፤ መቼ ማለት ነው።

«ማታይ» አለች። «ይኸው ነው? ለዚህች ነው የተጨነቅሁት?»

የስብሰባው ዕለት ሴቶቹ ድፎ ዳቦ ጋግረው መጡ፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ወንበር ያዙ። ሰውየው ወጣት ነው። ካርታውን ዘርግቶ አስረዳ፤ አንዲት የሰፈራችን ልጅ አስተረጎመች። ሲጨርስ ጥያቄ ካለ ብሎ ጠየቀ። በእኛ ወግ ግን ዳቦው ሳይመረቅና እንግዳው ሳይቀምስ ጉዳይ አይነሣም።

የሁሉም ታላቅ የሆኑት አባት በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ዳቦውን ባረኩ፤ ሰውየውን፣ ልጆቹን፣ ሐዲዱን፣ ቆፋሪዎቹን ሁሉ መረቁ። «የጀመርከውን ያስፈጽምህ፣ ልጄ።» አሜን አልን። ሰውየውም ደስ ብሎት አሜን አለና ካርታውን መጠቅለል ጀመረ።

አስተርጓሚዋ ተከተለችው፤ «ቆይ እንጂ፣ የሚጠይቁት ገና አሁን ነው።»

«በሰደር፣ በሰደር» አለ፤ እሺ እሺ ማለቱ ነው። ሌላ ሰፈር እየጠበቁት ነበር። ቁራሽ ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ ወጣ።

«ምን ሆነ ሰውየው?» አሉ አዛውንቱ። «ገና መጀመራችን እኮ ነው።»

«መርቀው ሸኙት እኮ፣ አባባ» አለች ጎረቤታችን። «ምን ብሎ ይቀመጥ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ ዳቦ የምትቆርስበትን ቢላ እንደያዘች ቀረች። በኋላ ሰፈራችን ዕቅዱን ያለ አንዳች ተቃውሞ ደግፏል መባሉን ሰማን፤ እውነትም ነው፣ የተቃወመ አልነበረም። ወደ ቤት ተመልሰን ደረጃው ጋ ስንደርስ ግን እናቴ «ቃሏን በደንብ ይዣት ነበር» አለችኝ።

እኛም በአውቶቡሳችን ቀጠልን። ያን መንገድ አሁንም አስበዋለሁ። እሷ በመስኮቱ በኩል፣ ለእህቷ የያዘችው ሽሮ ጭኗ ላይ፤ እኔ በትኬቱ ጀርባ ግጥም ስሞክር። ከጋራዦቹ አልፈን አውቶቡስ ቀይረን፣ የባሕሩ ሽታ በበሩ ሲገባ ሻሿን ታስተካክላለች። ቤት ውስጥ ያልነገረችኝን ነገር ሁሉ የነገረችኝ እዚያ ነው። ስለ ጎንደር፣ እህቷ አዝላት ስለተሻገረችው ወንዝ። ቤት ውስጥ በዕብራይስጥ እመልስላት የነበርኩት ልጅ፣ አውቶቡሱ ላይ ሳላስበው በአማርኛ አወራት ነበር።

አንድ ሐሙስ ከመጋዘኑ ዘግይቼ ሮጬ ፌርማታው ስደርስ አጣኋት። ለአክስቴ ደወልኩ። ያነሣችው እናቴ ናት።

«ደርሻለሁ» አለች።

«እንዴት ቀየርሽ?»

«ሾፌሩን ጠየቅሁታ። ባት ያም፣ ማታይ? ባት ያም፣ ማታይ? እያልኩ። ሲሰለቸው ራሱ መቀየሪያው ላይ አወረደኝ፤ ሁለተኛውንም ሾፌር እንዲሁ።» ከጀርባዋ አክስቴ ስትስቅ ይሰማኛል።

«ልመልስሽ ልምጣ?»

«ምን ልታደርግ? ደክሞሃል፣ ዕረፍ።»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። ሾፌሩ ትንሽ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ዘግቶ ሄደ። ማዶ ግድግዳው ላይ ካርታው ነጥቷል፤ ሁለቱ ጫፎች ግን ይታያሉ።