ሂንዲ የማያውቅ አስተርጓሚ

በልጅነቴ ከሚሴ ላይ መጨረሻ ያለው ፊልም አይቼ አላውቅም ነበር። ሙሄ የሚባል ጎረቤታችን የቤቱን አንድ ክፍል ቪዲዮ ቤት አድርጎት ነበር። ፊልሙ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ቀጥሎ ይጀመራል፤ ጀንበር ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሙሄ የተዋጊው ሰይፍ አየር ላይ ቢሆንም ቴሌቪዥኑን ድርግም ያደርገዋል። «ውጡ! ስገዱና ወደየእናታችሁ!» ይለናል። የቀረውን የሚያዩት ትልልቆቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ ከልጅ ጋር ስለ ፊልም ማውራት ነውር ስለሚመስላቸው ብንለምናቸውም መጨረሻውን አይነግሩንም። ስለዚህ ፊልሙን የምንጨርሰው እኛው በክርክር ነበር።

የምንከራከረው በማግስቱ ጠዋት ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ነው። የትኩስ ማሽላ ዱቄት ሽታ ከናፍጣው ጭስ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫችን ውስጥ ይገባል። ጥንቅሽ በጥርሳችን እየላጥን፣ የሞተሩን ድምፅ ለመብለጥ እየጮኽን፣ አማርኛው ያጠረው በኦሮምኛ እየጨመረ እንፋለማለን። ፊልሞቹ አብዛኞቹ የህንድ ነበሩ፤ ሂንዲ ግን ማናችንም አንሰማም። ማን ማንን ለምን እንደከዳ የምንገምተው ከሰዎቹ ፊትና ከሙዚቃው ነው። ከሁላችንም ይልቅ አፍ የነበረኝ እኔ ስለሆንኩ ራሴን አስተርጓሚ አድርጌ ሾምኩ። ቃል በቃል የገባኝ ይመስል «እንዲህ አላት፣ እንዲህ አለችው» እላለሁ። ልጆቹም ያምኑኛል።

አንድ ፊልም ግን ለብዙ ሳምንታት አልበረደልንም። አንድ ድንጋይ ጠራቢ ልጁ እንደተኛ በንጋት ሻንጣውን ያነሳል። በሩ ጋ ሲደርስ ተመልሶ የገዛ ፎጣውን ለልጁ ያለብሰውና ይወጣል። ለእኛ ፊልሙ የሚያልቀው እዚያ ነው፤ ቀጥሎ አዛን ነው።

ጓደኛዬ ሰይዶ አባትየው ይመለሳል ባይ ነበር። የራሱ አባት በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። እናቱ እቴ ዘሃራ «ሥራ በዝቶበት ነው፣ ይመጣል» እያለች ታባብለው ነበር።

«ባይወደው ፎጣውን ለምን ያለብሰዋል?» ይላል ሰይዶ።

«ብርዱ እንዳይቀሰቅሰው ነዋ! ከነቃበት መሄድ ይቸግረዋል» እላለሁ።

«ቢሰናበተውማ እግሩ አይነሳለትም ነበር» ይላል ሰይዶ።

«ሰውየው የቸኮለው መግሪብ ደርሶበት ነው፤ ሙሄ ሊያባርረው!» ይላል አብዱ የሚባለው ቀልደኛው ልጅ። ሁላችንም እንስቃለን። ሰይዶ አይስቅም።

የምናወራው ስለ ፊልሙ ብቻ እንዳልነበር አውቅ ነበር። ይህን ሳልደብቅ ልናገር። የሰይዶ አባት ጂዳ ላይ ሌላ ሚስት ማግባቱን እናቴ ለጎረቤት ስታንሾካሹክ ሰምቻለሁ። እያወቅኩ ነው የተከራከርኩት።

ትምህርት በተዘጋ ጊዜ፣ በአንድ የገበያ ሰኞ፣ አጎቴ ፍየል ሊገዛ ባቲ ሲወርድ ይዞኝ ሄደ። እሱ ከአፋር ሻጮቹ ጋር በዋጋ ሲከራከር እኔ ሾልኬ ከአንድ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። እዚያ በጠራራ ፀሐይ ያሳያሉ። የሚታየው ያው የድንጋይ ጠራቢው ፊልም ነበር፤ እስከ መጨረሻው አየሁት። ልጁ አድጎ አባቱን ፍለጋ አንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ ይደርሳል። አባትየው ሌላ ትንሽ ልጅ ትከሻው ላይ አድርጎ ይሄዳል፤ ቀና ብሎ አንድ ነገር ይለውና አብረው ይስቃሉ። ትልቁ ልጅ ከመንገዱ ማዶ አይቷቸው ሳይጣራ ይመለሳል። በቃ።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ሥር እንደ ድል አድራጊ ቆምኩ። ያየሁትን ሁሉ በትክክል ነገርኳቸው።

«ሶባ! ውሸትህን ነው!» አለ ሰይዶ። «ደግሞም ሁለተኛ ክፍል አለው። እዚያ ላይ ይታረቃሉ።»

ወላሂ ብዬ ማልኩ። እሱ አሁንም ራሱን ይነቀንቃል። «ለትንሹ ልጅ ምን አለው? እሱን ንገረና!» አለኝ።

ያን ጊዜ አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ሰው ከሚሸነፍ ቢዋሽ የሚሻለው ዕድሜ አለ፤ ብዙዎች ሸምግለውም አይወጡበትም። ዓይኔን ሰይዶ ላይ ተክዬ፣ «‹ከአንተ በፊት ልጅ አልነበረኝም› ነው ያለው» አልኩ።

አብዱ እንኳ አልቀለደም። ሰይዶ የያዘውን ጥንቅሽ መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ከሰዓት እቴ ዘሃራ በራችን ላይ መጣች። ገበያ ውላ እግሯ አቧራ ለብሷል። ልጇ አባቴ ሌላ ልጅ አለው ወይ ብሎ ጠይቋት መዋሸት አቅቷት ነበር። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የኔ ልጅ፣ ሂንዲ ትሰማለህ እንዴ?» አለችኝ።

«አልሰማም።»

«ታዲያ ያን ቃል ማን ነገረህ?»

ዓይኔን አቧራ ወደ ለበሰው እግሯ ጣልኩ።

«የአባቱን ነገር እኔው ነግሬዋለሁ፤ አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም ነበር። አንተ ከራስህ ያወጣኸውን ግን አንተው ሂድና አንሳለት።»

ሄድኩ። አጥራቸው ጋ ደረስኩ። ሰይዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ እንጨት ይፈልጣል። ድምፄን ሳላሰማ ተመለስኩ። ነገ እላለሁ ስል ነገው ሠላሳ ዓመት ሆነ።

ዛሬ እኔም የልጆች አባት ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ የተማርኩት ከመጻሕፍት በራሴ ነውና በትምህርት ነገር ጨካኝ ነኝ ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እነሱ የትኛውንም ፊልም በስልካቸው፣ ሲፈልጉ ከመጨረሻው ጀምረው ያዩታል፤ ከሥሩ ጽሑፍ ይወጣላቸዋል፤ ሁለተኛው ክፍል አለ የለም ብለው አይከራከሩም። ክርክሩ ግን አልቀረም። ባለፈው ትልቋ ልጄ ስለ አንዲት የፊልም እናት፣ «ድሮም ልጆቿን አትወድም ነበር!» ብላ ስትፈርድ ሰማኋት። ልቆጣት አፌን ከፈትኩና አልሆነልኝም። እኔ ምን አፍ አለኝ? ጫማዬን አድርጌ ወደ ሰይዶ ሱቅ ሄድኩ።

ሰይዶ አሁን ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣል። በየጁምዓው መስጊድ እንገናኛለን፣ በሠርግም በለቅሶም አንለያይም፤ ያን ነገር ግን አንስተን አናውቅም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። የፊልሙ ሰውዬ ያለውን እንደማላውቅ፣ ቃሉን የፈጠርኩት እኔ እንደሆንኩ፤ ይቅር ብሎ አፉ እንዲለኝም ለመንኩት።

ምስማሩን በየመጠኑ መለየቱን አላቆመም። «ውሸት እንደሆነማ አውቅ ነበር» አለኝ። «አንተ እንግሊዝኛ እንኳ በየዓመቱ ትወድቅ የለም?» ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«አባቴ ታሞ መጥቶ እስኪሞት ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር እንደኖረ ታውቃለህ» አለ። «አጠብኩት፣ አጎረስኩት። ለምን ሄድክ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። ብዙ ጊዜ ሊነግረኝ ሲል አይቻለሁ፤ እየተነሳሁ እወጣ ነበር። ያ አንተ ያልከው ቃል ከአፉ እንዳይወጣ ፈርቼ።»

ቀጥሎም «አፉ ብዬሃለሁ» አለኝ፤ ከልቡም ነው።

ልጆቼ ያን የቆየ ፊልም ፈልጉ ብላቸው፣ ድንጋይ ጠራቢው ለትንሹ ልጅ ያለውን ከነትርጉሙ አውጥተው ያሳዩኝ ይሆናል። የሰይዶ አባት ሊለው የነበረውን ግን የሚያወጣልን የለም።