ሥዕሉን የከለለው ኒም

ስለ ተፈጥሮ የተሳለ ሥዕል እንዳይከለል ተብሎ ዛፍ እንዲቆረጥ ሲወሰን አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ ኮሚቴ ውስጥ ገብታችሁ አታውቁም ማለት ነው፤ ዕድለኞች ናችሁ። እኔ ገብቻለሁ። እንዲያውም ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ፤ ማስረዳት ሥራዬ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከከዚራ ብዙም በማይርቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል የሥነ ጥበብ መምህር ነኝ። ሥነ ጥበብ ማለት በእኛ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህሩ ሲቀር የሚሰጥ ትምህርት ነው። ይህ እንዲለወጥ እፈልግ ነበር። በሁለተኛው የማስተማር ዓመቴ፣ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ የሚመለከታቸው እንግዶች ትምህርት ቤቶችን ሊጎበኙ ነው ሲባል ከማንም ቀድሜ እጄን አወጣሁ። «የግቢውን ረጅም ግንብ ተማሪዎቹ በጋራ ይሳሉበት። ርዕሱ ተፈጥሮ ይሁን» አልኩ። ርዕሰ መምህሩ በጣም ደስ አላቸው። ደስ ያሰኛቸው ሥዕሉ ይሁን ግንቡ ያለ ቀለም ቀቢ ሊቀባ መሆኑ፣ እስከ ዛሬ አላጣራሁም።

የጋራ ሥራ ሥርዓት ካልተበጀለት ሁከት ነው። ግንቡን በገመድና በጠመኔ ስምንት እኩል ቦታ ከፈልኩት፤ ክፍሉንም እንዲሁ በስምንት ቡድን። ቡድኖቹ አንድ ለአምስት ናቸው። ለማያውቅ ላስረዳ፦ አንድ ለአምስት ማለት አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን እየመራ አብረው የሚማሩበት አደረጃጀት ነው። ይህ በወረቀት ነው። በተግባር አንዱ ይሠራል፤ አምስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ።

«ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከዚያ ያያችሁትን ተፈጥሮ ሳሉ» ብዬ ሥራውን አስጀመርኩ። ይህን በሚገባ አብራርቻለሁ፤ ዙሪያ ማለት ምን እንደሆነ፣ መመልከት ከማየት በምን እንደሚለይ ሳይቀር። ልጆቹ በትዕግሥት ሰሙኝ። ሰምተው ሲያበቁ የቡድን መሪዎቹ በአንድነት የመማሪያ መጽሐፋቸውን ገለጡ።

ውጤቱን መገመት አያቅታችሁም። ሁለት ሾጣጣ አረንጓዴ ተራራ፣ በመሃላቸው ፈገግ ያለች ፀሐይ፣ ከሥሯ ሰማያዊ ወንዝ፣ ከወንዙ ዳር የሣር ክዳን ጎጆ። ሰባት ቡድን ጨርሶ ዞር ሲል በአንድ ግንብ ላይ ሰባት ፀሐይ ወጥቷል። አንዷ ፀሐይ ብቻዋን ምን እንደምታደርገን የድሬ ሰው ያውቀዋል። ወንዞቹም አይገናኙም። የአንዱ ቡድን ወንዝ እየፈሰሰ መጥቶ የእኔ የጠመኔ መስመር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጎረቤቱ እዚያ ጋ ጎጆ ሠርቷላ።

የእኛ ወንዝ አሸዋ ነው። ዓመቱን ሙሉ በእግራችን እንሻገረዋለን፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃ ሲመጣበትም ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ከላይ ደጋው ላይ ዘንቦ፣ ሳይነግር ነው የሚመጣው። ተራሮቻችን ድንጋይና ቁልቋል ናቸው። ይህን የሳለ አንድም ቡድን የለም። ክረምት ክረምት ዋሂል አያቱ ዘንድ የሚከርም አንድ ልጅ አለ። እሱ እንኳ ገጠር ያውቃል ብዬ፣ የሳለውን ጎጆ እያሳየሁ ጠየቅሁት።

«የአያትህ ቤት እንዲህ ነው?»

«አይ ቲቸር! የሳቸው ቆርቆሮ ነው።»

«ታዲያ ይሄ የማን ቤት ነው?»

«የተፈጥሮ።»

ወደሚቀጥለው ቡድን አለፍኩ።

ስድስተኛው ቦታ ገና ባዶ ነበር። ከፊቱ ኒም ቆሟል። ስለዚህ ዛፍ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ቀሪው ነገር ሁሉ በእሱ ላይ ነው። የሰባተኛ ክፍል መማሪያ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቬንትሌተሩ እኔ ሳልቀጠር በፊት ቆሟል፤ ይጠገናል እየተባለ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ሰሌዳውን ለሁለት ተሸክመን ኒሙ ሥር እንወጣና እዚያ እንማራለን። በረመዳን የሚጾሙት ልጆች በእረፍት ሰዓት ቦርሳቸውን ተንተርሰው ጋደም የሚሉትም እዚያው ነው። ባጭሩ፣ ያ ዛፍ ከሌለ ሰባተኛ ክፍል የሚማርበት ቦታ የለውም። ይህን አትርሱ፤ ኮሚቴው ረስቶታል።

የስድስተኛው ቡድን መሪ ልጅ እናቷ ታይዋን ገበያ ጫማ ይሸጣሉ። በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ ዋጋ ስትከራከር ያደገች ናት፤ ከእኔም ጋር ውጤት የምትከራከረው በዚያው ዘዴ ነው። ግንቡን አየት አደረገችና ጮክ ብላ፣ «ቲቸር፣ የኛ ቦታ አይታይም እኮ! ዛፉ ፊቱ ላይ ነው። ለማን ነው የምንስለው?» አለች።

ርዕሰ መምህሩ በዚያው ሲያልፉ ሰሙ። ወደ ኋላ ሁለት ሦስት እርምጃ አፈገፈጉ፣ አንገታቸውን ዘመም አደረጉ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «መምህር፣ ይሄ ዛፍ ተፈጥሮውን ከልሎታል።»

ልጅቷ ደነገጠች። «ኧረ አቦ! እኔ ቦታ ቀይሩልን ነው ያልኩት እንጂ ዛፉን ምን አልኩ!»

እሳቸው ግን ሄደው ነበር።

ኮሚቴው ረቡዕ ተሰበሰበ። አምስት ሰዎች ነን። እኔ ተዘጋጅቼ ገባሁ። የዛፉን ጥቅም በአምስት ነጥብ ከፍዬ፣ ከጥላው ጀምሬ እስከ ንጹሕ አየሩ አስረዳሁ። በመጨረሻም የሥዕሉ ርዕስ ራሱ ተፈጥሮ መሆኑን በአክብሮት አስታወስኩ። ርዕሰ መምህሩ እስክጨርስ ጠበቁኝና፣ «መምህር፣ ስለ ዛፍ ጥቅም የምታስረዳው እንግዶቹ ሲመጡ ነው። እኛ እናውቀዋለን» አሉ።

የስፖርት መምህሩ እጁን አወጣ። «ግንቡ ላይ ስንት ዛፍ ተስሏል?»

«ሃያ ገደማ» አልኩ።

«ታዲያ አንድ ቢቀነስ ምን ይጎዳል?»

ሰዎቹ አልሳቁም። ቁም ነገር መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዛፉ ዓርብ ጠዋት እንዲቆረጥ በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ተቃዋሚውም ጸሐፊውም እኔ ስለነበርኩ ውሳኔውን በራሴ እጅ፣ ባማረ ጽሑፍ ጻፍኩት።

እዚህ ላይ ስለ ትምህርት ቤታችን አሠራር አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እኛ አምስታችን ሁለት ኮሚቴ ነን። ረቡዕ የተሰበሰብነው የኤግዚቢሽን ኮሚቴ ሆነን ነው። ሰኞ ደግሞ እኛው፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ የአቀባበል ኮሚቴ ሆነን ተሰብስበን ነበር። ያኔ የወሰንነው የግቢው ዛፍ ሁሉ ኖራ እንዲቀባ ነው። እንግዳ ሲመጣ የዛፍ ግንድ እስከ ወገቡ፣ ድንጋይም ካለ ድንጋዩ ሁሉ ነጭ ይቀባል፤ የትም አገር ሄዳችሁ አይታችሁታል። ለምን እንደሆነ የሳይንስ መምህሩን ብጠይቀው «ምስጥ እንዳይበላው ነው» አለኝ። ምስጥ የሚመጣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው ማለት ነው። ለማንኛውም፣ ሰኞ ይቀባ ያልነውን ዛፍ ረቡዕ ይቆረጥ ስንል ከመካከላችን ያስተዋለ የለም። ጸሐፊውም ጭምር።

ሐሙስ ዕለት ሰሌዳውን ተሸክመን ዛፉ ሥር ወጣንና ነገርኳቸው። ልጆቹ ሁሉ ቀና ብለው ቅርንጫፉን አዩት። ጣሪያቸውን እንደሚያይ ሰው።

«ከዚያ የት ነው የምንማረው?» አለ አንዱ።

«ክፍል ውስጥ።»

«ክፍል ውስጥ?!» አለ ከኋላ የተቀመጠው። «ዋሪያ፣ ድፎ ዳቦ ሆነን ልንወጣ ነው!»

ሳቁ። እኔ ውሳኔ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ቅሬታ በምን መንገድ እንደሚቀርብ ማስረዳት ጀመርኩ። አንድ አንቀጽ ያህል ሄጄ ነበር፤ የስድስተኛው ቡድን መሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ኖራ የሚቀባው የትኛው ዛፍ ነው?»

«ሁሉም።»

«ይሄም?»

«ሁሉም ነው የተባለው።»

«የሚቆረጠው ነገ ጠዋት ነው። አሁን ብንቀባው ትእዛዝ መፈጸም ነው ማፍረስ?»

«መፈጸም» አልኩ።

«በቃ አቦ! ቲቸር፣ አንተ ሂድ ምሳህን ብላ።»

በድሬዳዋ «እርስዎ» ለሹምና ለእንግዳ ነው፤ ለእኔ አይደርሰኝም። ሄድኩ፣ ምሳዬን በላሁ።

ጊዜውን አውቃበታለች። እዚህ ከተማ ከምሳ በኋላ ውሳኔ ይተኛል። ሙቀቱ አለ፤ ለሚቅመው ደግሞ በርጫው አለ። የስፖርት መምህሩ በዚያ ሰዓት ከፍራሹ የሚያነሳው ነገር ቢኖር የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ከኮሚቴው ግቢ ውስጥ የቀረ አልነበረም። ጥበቃው ስለ ኖራው ትእዛዝ ቀደም ብለው ስለሰሙ ስቶሩን ከፍተው ባልዲውን አውጥተው ሰጧቸው።

ስመለስ ክፍሉ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። አንዱ ኖራ ይበጠብጣል፣ ሌላው እንዳይራገፍ ጨው ይጨምራል፣ አንዷ መጥረጊያ ነክራ ትቀባለች፤ አምስት ስድስቱ ደግሞ ከአሸዋው ወንዝ ድንጋይ በማዳበሪያ እየተሸከሙ ያመጣሉ። በመምህርነት ዘመኔ አንድ ለአምስት ውስጥ አምስቱም ሲሠሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የእኔ ትንታኔ ያልነበረበት የጋራ ሥራም ያው አንዱ ነው።

ግንዱ እስከ ወገቡ ቢሆን ደንቡ ነበር። እነሱ ግን አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እየወጣ እስከ ቅርንጫፎቹ መለያያ አደረሱት። ዙሪያውን ነጭ ድንጋይ በሁለት ረድፍ ደረደሩ። ኒሙ የተሞሸረ መሰለ።

ዓርብ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ መጋዝ የያዘ ሰውዬ አስከትለው መጡ። ዛፉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ማነው ይሄን የቀባው?»

«ኮሚቴው ነው ያዘዘው» አለች ልጅቷ። «የአቀባበል ኮሚቴው። ዛፍ ሁሉ ይቀባ ተብሎ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ ብለናል?»

«ሰኞ ብለናል» አልኩ።

«ረቡዕስ?»

«ረቡዕም ብለናል።»

በዛፉ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞሩ። ድንጋዮቹን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጓቸው፤ ንቅንቅ አይሉም።

«ተቀብቷል እኮ» አሉ ለራሳቸው።

«አሁን ቢቆረጥ ጉቶው ነጭ ሆኖ ይቀራል» አለች ልጅቷ በሐዘን። «እንግዶቹ ምንድን ነው ይሉናል። ኖራውም ወላሂ ያሳዝናል፣ ባልዲ ሙሉ ነው የፈሰሰበት።»

መጋዝ የያዘው ሰውዬ ይህ ሁሉ ሲሆን ጥላው ሥር ቁጭ ብሎ በሽርጡ ጫፍ ላቡን ይጠርጋል። ርዕሰ መምህሩ እሱንም አዩት፣ ግንዱንም አዩት፣ ሰዓታቸውንም አዩ።

«ለጊዜው ይተላለፍ» አሉ።

ነገሩ ይሄው ነው። ጥላው ያላዳነውን፣ ንጹሕ አየሩ ያላዳነውን፣ አምስቱ ነጥቦቼ ጭራሽ ያላዳኑትን ዛፍ ኖራ አዳነው። እንግዳ እንዲያየው የተቀባ ነገር በእኛ ዘንድ የተጠናቀቀ ሥራ ነው፤ የተጠናቀቀ ሥራ ደግሞ አይነካም። ልጆች በሙቀት እንዳይደርቁ ብሎ ዛፍ የሚተው ኮሚቴ የለም፤ ኖራ ላለማባከን የሚተው ግን አለ።

ስድስተኛው ቡድን ቦታውን ቅዳሜ ጨረሰ። ከግንቡ ሁሉ ፀሐይ የሌለበት እሱ ብቻ ነው። ጥላና ጥላው ላይ የተቀመጡ ልጆች ሳሉ፤ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው። ዛፍ አልሳሉም፤ «አለ አይደል እንዴ?» አሉኝ። ከልጆቹ ፊት አንድ ጭንቅላቱ ከደረቱ የሚበልጥ፣ አፉን ከፍቶ የቆመ ሰው አለ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

እንግዶቹ ዘግይተው እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ግንቡ ፊት ለፊት ተሰልፈው ሥዕሉን ለማየት ሞከሩ። ሰባት የተሳለች ፀሐይ ከፊት፣ አንዷ እውነተኛዋ ከአናት፣ አልቻሉም። አንዱ ሸሸት አለና ኒሙ ሥር ገባ፤ ሁለተኛው ተከተለው፤ ወዲያው ሁሉም ገቡ። ንግግሩም ፎቶውም ጉብኝቱም እዚያው አለቀ፣ ጀርባቸውን ለሥዕሉ እንደሰጡ። አንዱ ሊወጣ ሲል «ሥዕል አለ ተብሎ ነበር?» አለ። «ከኋላዎ ነው» አልኩት። አንገቱን ግማሽ ያህል አዞረና «በጣም ጥሩ» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

ርዕሰ መምህሩ ደስ ብሏቸው ትከሻዬን ያዙ። «አየህ መምህር፣ ዛፉ እንዲቀር መወሰናችን ልክ ነበር።»

እኔ ግን ጸሐፊ ነኝና ምን እንደወሰንን አውቃለሁ። ዛፉ እንዲቀር የወሰነ የለም። የረቡዑ ውሳኔ አልተሻረም፤ ተላልፏል። ኒሙ በየዓመቱ ቅርንጫፍ ይጨምራል፣ እንግዳም በየዓመቱ ይመጣል፣ የሰባተኛ ክፍል ቬንትሌተር ደግሞ ዛሬም እንደቆመ ነው። ልጆቹ ስምንተኛ ክፍል ገብተዋል፤ ሰሌዳውን ተሸክመው ወደ ዛፉ የሚወጡት አሁን ሌሎች ናቸው። ልጅቷ ግን የስቶሩንና የኖራውን ነገር ለታናናሾቿ አስረድታቸዋለች። ከእኔ ባጠረ ቃል።

በእናንተም ሰፈር፣ መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ዛፍ ይቆረጥ ብሎ የሚሰበሰብ አይጠፋም። እባካችሁ ይህን ሞክሩት። ነጥብ አታዘጋጁ። ኖራውን በደንብ በጥብጡ፣ ጨው ጨምሩበት፣ ከምሳ በኋላ ውጡ። ድንጋይ ስትደረድሩ አንድ ረድፍ አይበቃም፤ ሁለት ይሁን። የጠየቃችሁ ካለ «ኮሚቴው ነው ያዘዘው» በሉና ዝም በሉ። የትኛው ኮሚቴ ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።