አማቴ፣ በቆሎው እና ዝንቦቼ

አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ሜልቦርን፣ ፖይንት ኩክ ሰፈር እኛ ቤት በከረሙበት ሰሞን፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ምራታቸው ሐኪም ቤት እንደምትሠራ ያወሩ ነበር። እኔ የምሠራው ዝንብ ማርባት ነው። ማዕድ ላይ የምታርፈዋን ሳይሆን፣ በቆሎ በሚበላ ትል ላይ እንቁላሏን የምትጥለዋን ዝንብ ነው የማጠናው። ይህንን ስንት ጊዜ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ለዚህ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ የባሌ ስልክ ይጠራል፤ ማን እንደሚደውልለት ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቆይቶ ግን ከፋኝ። እኚህ ሴት እንዲኮሩብኝ እፈልግ ነበር።

አማቴ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይሆንላቸውም። ጓሮ አጥሩን ተከትለው በቆሎ ዘሩና በየቤቱ እየተሰበሰብን ለምንጸልየው ለቤት ኅብረታችን ሰዎች እሸት ጠብሰው እንደሚያበሉ ቃል ገቡ። በቆሎው ቁመታቸውን አልፎ ጸጉር ማውጣት ሲጀምር ቅጠሉ ተበሳስቶ ተገኘ። ገለጥ ቢያደርጉት ተምች ነው። በስልክ ለኅብረቱ የጸሎት ርዕስ አድርገው አቀረቡት፤ እኔን ደግሞ ቶሎ መርዝ ገዝቼ እንድመጣ አዘዙኝ። እኔ ግን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። የሰው አዝመራ ሲበላ ፈገግ የምትል ምራት ማን ይወዳል?

ደስ ያለኝ ወድጄ አይደለም። ከትሎቹ የአንዳንዶቹ አንገት ላይ ነጫጭ እንቁላሎች ተለጥፈው ነበር። የዝንቤ ሥራ ነው። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትንሽ ትል ትልቁ ውስጥ ሰርስሮ ይገባና ከውስጥ ይበላዋል፤ መጨረሻ ላይ ተምቹ ሞቶ ዝንብ ትወጣለች። መርዝ ብንረጭ ግን ሁለቱም ይሞታሉ። እንቁላል የሌለበትን በእጅ እንልቀመው፣ ያለበትን እንተወው ብዬ ለመንኳቸው። አንዱን ትል አንስተው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አዩትና፣ ዝንብ ቢያዝልም በቆሎአቸውን እየበላ መሆኑን አስታወሱኝ። እውነታቸውን ነው፤ እስኪሞት ድረስ መብላቱን አይተውም። ቢሆንም መርዙን ሳልገዛ ቀረሁና እንቁላል የሌለባቸውን ትሎች በየማታው በእጄ ለቀምኩ።

በዓይናቸው እንዲያዩ እንቁላል ያለባቸውን ጥቂት ትሎች ከነቅጠላቸው በምግብ መያዣ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን በስስ ጨርቅ አስሬ ወጥ ቤት መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩ። ትል ከምግብ ጋር አንድ ላይ በማኖሬ ቀኑን ሙሉ አኮረፉኝ። ቆይቶ ትሎቹ ሞቱና የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ቡናማ ነገሮች ብቻ ቀሩ፤ ዝንቦቹ የሚወጡት ከነዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ ዕቃውን ቦታ ቀይሮ አገኘው ጀመር፤ ሙቀቱ ሲበረታ ጥላ ውስጥ፣ ሲቀዘቅዝ መስኮቱ ሥር። ባሌ እንዳልነካው ማለ። አማቴን አልጠየቅኳቸውም።

እሸቱ ሲደርስ ኅብረቱ እኛ ቤት ሆነ። ራቅ ካሉት ሰፈሮች፣ ከኬንሲንግተንም ከኖርዝ ሜልቦርንም ሰው መጣ። በቆሎው ገሚሱ ተቦጫጭቋል፣ ገሚሱ ግን እንግዳ አያሳፍርም። ጸሎቱ አልቆ አማቴ የተጠበሰውን እሸት ሲያዞሩ፣ አንዲት ግራጫ፣ ጸጉራም ዝንብ የሳሎኑ መስኮት ላይ አረፈች። ወጥ ቤት ያለው የፕላስቲኩ ዕቃ ጨርቅ ላልቶ ኖሯል። ከእንግዶቹ አንዷ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ተነሳች።

ዝም ብል ዝንቧ ልትሞት ነው። ብናገር ደግሞ አማቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ሊሆኑ ነው። ዓይኔን ከዝንቧ ላይ አንስቼ የደረሰኝን እሸት መፈልፈል ያዝኩ።

"ተዪያት" አሉ አማቴ፣ ትሪውን እንደያዙ። "የምራቴ ናት።"

ሴትዮዋ ጫማዋን ከፍ አድርጋ እንደያዘች፣ "ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው ብለውን አልነበር?" አለች።

"ሐኪም ናት አልወጣኝም። አሁን ግን ልበል፤ የበቆሎ ሐኪም ናት። የምትበዪው እሸት የዳነው በእሷ ነው።"

ትሪውን አስቀምጠው መስኮቱን ከፈቱላት። ዝንቧ ወደ ጓሮው፣ ወደተረፈው በቆሎ በረረች። እኔም ጨው ላመጣ ነው ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና አለቀስኩ።